አለሁ ስንል የት ነው ያለነው?

(ስለ ውስጣዊ ሰላምና ቀልብን ስለ መሰብሰብ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ?

አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» አላችሁ። እዚህ ፊት የተቀመጡት አባት ግን ቀስ ብለው «አለን» አሉኝ። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለዚህችው ቃል ነው።

እስቲ አስቡት፤ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለን፣ ደኅና ነኝ ለማለት አፋችን ካልደፈረ፣ ተቸግሬያለሁ ለማለትም ካልፈለግን፣ «አለሁ» እንላለን። በቀን ስንቴ እንደምንላት እንጃ። በስልክ እንላታለን፣ በመንገድ እንላታለን፣ በር ሲንኳኳ እንላታለን። ስንላት ግን በእርግጥ አለን? ሥጋችን አለ። ልባችንስ?

ነርስ ነኝ። 19 ዓመት የሠራሁት በውስጥ ደዌ ክፍል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ፤ ዛሬ እዚህ ያቆመኝ እሱ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ነበር፤ የጠዋት ኢንሱሊን የሚሰጥበት ሰዓት። 22 አልጋ ላለው ክፍል ሁለት ነርሶች ነበርን። በእጄ የያዝኩት የአልጋ ቁጥር 7 ኢንሱሊን ነው። የቆምኩት ግን አልጋ ቁጥር 9 አጠገብ ነው። እዚያ የተኙት በሳንባ ምች የገቡ፣ ስኳር የሌለባቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ። እጅጌያቸውን ሰብስቤያለሁ። ክንዳቸውን በአልኮል ጠርጌያለሁ። እጄ የለመደውን ይሠራል፤ ልቤ ግን እዚያ የለም። በዋዜማው አከራዬ ኪራይ ሊጨምሩብኝ መሆኑን ነግረውኝ ነበርና ሌሊቱን ሙሉ ደመወዜን ስደምርና ስቀንስ ነው ያደርኩት። ይሄ ለቤት፣ ይሄ ለልጆች ትምህርት ቤት፣ ይሄ ለታክሲ፣ አይበቃም፤ እንደገና ከላይ። እናትየዋ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አለሽ?» አሉኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። መርፌውን አየሁት፤ የአልጋውን ቁጥር አየሁት።

ስኳር ለሌለበት ሰው ኢንሱሊን ምን እንደሚያደርግ የሕክምና ሰዎች ታውቃላችሁ። በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርደዋል፤ ሌሊቱን ምግብ ሳይቀምሱ ያደሩ አዛውንት ራሳቸውን ሊስቱ፣ ከዚያም አልፎ ሊሞቱ ይችላሉ። መርፌውን ይዤ ተመለስኩ፣ ለባልደረባዬ ነገርኳት፣ ጠዋት ለኃላፊያችን ነገርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እናትየዋ ምንም አልሆኑም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ስተኛ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያቺ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ቀረች። አለሽ?

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ያሰብኩት ነገር አለ። የኪራዩ ጭማሪ ያን ሌሊት ገና አልተጨመረም። በክፍሉ ውስጥ ያን ሰዓት የነበረው ሌላ ነው፤ የኦክስጅኑ ድምፅ፣ የአንዲት እናት ቀጭን ክንድ፣ በእጄ ላይ ያለ መርፌ። እኔ ባልመጣው ነገር እየተቃጠልኩ፣ የመጣውንና ፊቴ የቆመውን ሳላየው ቀረሁ። ሰላም ያጣሁት በኪራዩ ይመስለኝ ነበር። ኪራዩ ችግር ነው፤ አልክድም። ሰላም ያሳጣኝ ግን ኪራዩ በሌለበት ቦታና ሰዓት ሁሉ ተሸክሜው መዞሬ ነው።

ልብን ባሉበት ቦታ ማድረግን የሚያስተምሩ ሰዎች ዛሬ በእንግሊዝኛ «ማይንድፉልነስ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ግን ስሙ ጥንትም አለ። ቀልብ እንላለን። ከዓረብኛው የመጣ ነው፤ እዚያ ልብ ማለት ነው። እኛ ግን ወስደን ለሌላ ነገር ሠራንበት። ለደም መርጪያው ልብ ሳይሆን፣ የሰው ሐሳብና ዓይን አንድ ላይ ለሚያርፍበት ነገር። «ቀልብህን ሰብስብ» ይላል አባት ልጁን። አባባሉ ቀልብ የሚበታተን ነገር መሆኑን፣ የተበታተነውም እንደ ተበተነ እህል ሊሰበሰብ እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል። «በሐሳብ ጭልጥ አለ» እንላለን፤ ሰውየው ፊታችን ተቀምጦ። «ልቡ ሸፈተ» እንላለን፤ ልብ ጫካ እንደሚገባ ሰው። እንግዲህ አያቶቻችን ይህን በሽታ አሳምረው ያውቁት ነበር ማለት ነው፤ ስልክ ከመምጣቱ በፊት።

በ2010 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ በቁጥር ሊያዩት ሞከሩ። 2,250 ሰዎችን በአይፎን መተግበሪያ በኩል፣ በቀኑ ውስጥ ባልታሰበ ሰዓት እያቋረጡ ይጠይቋቸዋል። አሁን ምን ይሰማሃል? አሁን ምን እየሠራህ ነው? ከምትሠራው ሌላ ነገር እያሰብክ ነው? ከመልሶቹ 47 በመቶ ያህሉ «አዎ፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው» የሚሉ ሆነው ተገኙ። የነቃንበት ጊዜ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። ልባቸው የሄደ ሰዎች ባጠቃላይ እዚያው ካሉት ያነሰ ደስታ ነበራቸው። ወደ አስደሳች ሐሳብ የሄዱት እንኳ በያዙት ሥራ ላይ ካሉት ሰዎች የበለጠ አልተደሰቱም። ዕቃ እያጠቡ ስለ ሠርግ ማሰብ፣ ዕቃውን ልብ ብሎ ከማጠብ አይበልጥም እንደ ማለት ነው።

ለዚህ ራሳችሁን አትውቀሱ። አእምሮ ሥራ ሲፈታ ዝም የሚል ይመስለን ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ተመራማሪው ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ግን፣ ሰው ምንም ሥራ ሳይሰጠው ጋደም ባለ ጊዜ ይበልጥ የሚሠሩ የአእምሮ ክፍሎች አሉ። ትናንትን የሚያመላልሱ፣ ነገን የሚተነብዩ፣ «ሰው ስለ እኔ ምን ይል ይሆን» የሚሉ ሐሳቦች ከእነዚህ ክፍሎች ጋር ይያያዛሉ። የሐሳብ መሄድ ተፈጥሮ ነው። ልንማር የምንችለው መሄዱን ማወቅንና መመለስን ነው።

ይህን መመለስ በሕክምና ቤት ውስጥ ያስገባው ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሐኪሞች «ከዚህ በላይ ልናደርግልህ የምንችለው የለም» ያሏቸውን፣ ለዓመታት በሕመም የኖሩ ሰዎችን ተቀብሎ፣ ዛሬ 8 ሳምንት የሚፈጀውን ሥልጠና ጀመረ። ወገብ የሚያማቸው፣ ራስ ምታት የማይለቃቸው ሰዎች። ሕመሙን ላጠፋላችሁ ነው አላላቸውም። ከሕመሙ ጋር ያላችሁን አያያዝ እንለውጥ ነው ያላቸው። ሥልጠናው ሲጀመር ለእያንዳንዱ የሚሰጠው አንዲት ዘቢብ ናት።

ዘቢብ አላመጣሁላችሁም። ስትገቡ በር ላይ አንዳንድ ፍሬ የገብስ ቆሎ ተሰጥቷችኋል። ግራ የተጋባችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ «እፍኝ እንኳ አይሉም?» ያለ ወንድምም ሰምቻለሁ። አሁን አውጧት። የበላ ካለ ከጎረቤቱ ይመልከት።

መዳፋችሁ ላይ አድርጓትና እዩዋት። ገብስ ስንት ዓመት በላን? አንዷን ፍሬ ግን አይተናት እናውቃለን? በአንድ ጎኗ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። በጣታችሁ ሂዱበት። በአንደኛው ጫፍ እሳቱ ጠቆር አድርጓታል፤ መሃሏ ግን ወርቅማ ነው። ስትቆላ ቆዳዋ ትንሽ ተነሥቷል፤ ቁልቁል ስትነኩት ይሻክራል። ወደ አፍንጫችሁ አቅርቧት። ለእኔ የሚሸተኝ የእናቴ ምጣድ ነው፤ አያችሁ፣ ልቤ አሁን ሸሸ፤ እናቴ ቤት ደረሰ። ልጣላው አልፈልግም። እናቴ ቤት ደርሶ ነበር ብዬ፣ ወደ ፍሬዋ እመለሳለሁ። አሁን ምላሳችሁ ላይ አድርጓት፤ አትንከሷት። ምራቅ ሲመጣ፣ ጥርስ ሲቸኩል ታያላችሁ። ማንም ሳያዘው መንገጭላ ይነሣል። ይህ ችኮላ ጠዋት ታክሲ ወረፋ ላይ፣ ማታ ከልጆቻችን ጋር የሚነሣው ችኮላ ነው። በሉ አሁን ንከሷት። አንዴ። ድምፁን ሰማችሁት? ጆሮ ውስጥ ነው የሚሰማው።

ሁለት ደቂቃ ወሰደብን። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ልቡ አምስት ጊዜ ሄዶ አምስት ጊዜ የመለሰ ሰው ካለ፣ እሱ አምስት ጊዜ ተለማመደ ማለት ነው። ልምምዱ መመለሱ ነው። ብዙ ሰው «እኔ አልችልም፤ ዓይኔን ስጨፍን ሐሳብ ይመጣብኛል» ብሎ ይተወዋል። ሐሳብማ ይመጣል። ጀበና የሚያውቅ ሰው ይህ ሊገባው ይገባል። ቡናው ሲፈላ ዱቄቱ ከላይ እስከ ታች ይታመሳል። ማንም እጁን አስገብቶ ዱቄቱን ወደ ታች አይጫነውም። ከእሳቱ ያወርደዋል፣ ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ይጠብቃል። ሰከን ይላል። የተረበሸ ሰውንም «ሰከን በል» ነው የምንለው፤ በዚያው ቃል።

አሁን ደግሞ ነርስ ልሁንባችሁ። ሌባ ጣታችሁንና የመሃል ጣታችሁን አንድ ላይ አድርጋችሁ በሌላው እጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፉ። በአውራ ጣታችሁ እንዳትለኩ፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታችኋል። ትርታው ሲገኝ ቀስ ብላችሁ አየር አስገቡ። አሁን ደግሞ ከዚያ በረዘመ ጊዜ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ወጣቶቹ በደንብ ይሰማችኋል፤ አየር ስታስገቡ ትርታው ፈጠን ይላል፤ ስታስወጡ ይዘገያል። ዕድሜ ሲጨምር ልዩነቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ያልተሰማችሁ አትደንግጡ። ቬገስ የሚባል ነርቭ ከአእምሮ ግርጌ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወርዶ ልብን ያገኘዋል፤ አየር ስናስወጣ ልብን ዝግ በል የሚለው እሱ ነው። «እፎይ» የምንለው እኮ ረጅም አወጣጥ ነው። ሸክሙን ያወረደ ሰው ማንም ሳያስተምረው የሚያደርገውን፣ እኛ ሸክሙ ገና ሳይወርድ ልናደርገው እንችላለን። ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፣ ነፋስ ሁሉም የአንድ የግእዝ ሥር ልጆች ናቸው፤ መንፈስን ማሳረፍ ከትንፋሽ ቢጀምር የሚገርም አይደለም።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ ዛሬም ከመጀመሬ በፊት አንዲት እህት በር ላይ ጠይቃኛለች። «ይህ የሌላ እምነት አይደለም ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥሩ የቡድሃ መነኮሳት ትምህርት ነው፤ በፓሊ ቋንቋ «ሳቲ» ይሉታል፤ የቃሉ መነሻ ማስታወስ ነው። ካባት-ዚን ሃይማኖታዊውን ሥርዓት ለይቶ ለሆስፒታል የሚሆነውን ወሰደ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ይህን ስለማመድ ከጸሎቴ የጎደለ የለም። እንዲያውም አንድ ነገር ቆይቶ ገባኝ። በቅዳሴ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲሉ፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ሲሉ፣ ሕዝቡ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብሎ ይመልሳል። «ብነ» አለን ማለት ናት፤ ልባችን በአምላካችን ዘንድ አለን። ስንት ዓመት «አለን» እያልኩ፣ ልቤ ቤት ድስት ላይ ነበር! ሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ ሰላት ላይ ቆሞ ሐሳቡ ገበያ የዋለ ሰው ኹሹዕ፣ ማለት በሰላት ጊዜ ልብን ሰብስቦ መቆም፣ ጎድሎታል አለችኝ። ጸሎትና ይህ ልምምድ አንድ ናቸው አልልም። ጸሎት የምታናግረው አለ፤ ይህ ዝም ብሎ መገኘት ነው። ግን መገኘት ያቃተው ሰው መጸለይም ይከብደዋል።

ሌላው ጥያቄ ከዚህኛው ይከብዳል። ነገ ምን እንደሚበላ ለማያውቅ ሰው «ዛሬን ኑር» ማለት ምን ማለት ነው? እኔም ኪራይ ተጨምሮብኝ ነበርና ይህን አባባል በቀላሉ አልናገረውም። ለነገ ማሰብ ክልክል አይደለም። ግን ማቀድና መባዘን ይለያያሉ። ያን ሌሊት መቶ ጊዜ ደመርኩ፣ አንድም ውሳኔ ላይ አልደረስኩም። ከሳምንት በኋላ እሑድ ጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ከባለቤቴ ጋር ተቀመጥኩ፤ አንድ ሰዓት አልፈጀብንም። ቤት ለወጥን። ሰፈሩ ራቅ ይላል፤ ይቻላል። ያን አንድ ሰዓት በሙሉ ልቤ እዚያ ነበርኩ። ለነገ የሚታሰበውም ዛሬ፣ ተቀምጦ፣ በቀልብ ነው።

ይህንንም ሳልናገር ብወርድ ሕሊናዬ አያርፍም፤ ለ22 አልጋ ሁለት ነርስ ማነሱን ትንፋሽ አይፈታውም። ሰውን አድክሞ «ተረጋጋ» ማለት ግፍ ነው። የሰው ኃይል ጥያቄ በሰው ኃይል ነው የሚመለሰው።

ባለፉት ዓመታት ብዙ ወገኖቻችን ሰው ሊያየው የማይገባውን አይተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያየው ሁሉ ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ የሚሆንባችሁ ካላችሁ ዓይናችሁን አትጨፍኑ፣ እግራችሁ መሬት መርገጡን እዩ፣ ብቻችሁንም አትታገሉት፤ ወደ ባለሙያ ሂዱ። የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ያለበት ሰውም መድኃኒቱን በዚህ አይተካ። በ2000 እ.ኤ.አ. ቲስዴልና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ሕመሙ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰባቸው ሰዎች መካከል የተለመደውን ክትትል ብቻ ያገኙት 66 በመቶ እንደገና ሲታመሙ፣ ከካባት-ዚን ሥልጠና ተቀድቶ ለዚህ ሕመም የተዘጋጀውን ሥልጠና ከጨመሩት 37 በመቶ ናቸው የታመሙት። ብዙ ነው፤ ያስደስታል። ግን 2 ጊዜ ብቻ ታመው ለነበሩት ያው ጥናት ጥቅም አላገኘላቸውም። ለሁሉም እኩል የሚሠራ ነገር የለም፤ አለ የሚላችሁን አትመኑት።

ታዲያ ከየት እንጀምር? ብዙ ሰው ግማሽ ሰዓት ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋል። እኛ ቤት ጸጥ ያለ ክፍል የለም። እኔ የጀመርኩት ስለ ካባት-ዚን ከመስማቴ በፊት፣ ከዚያች ሌሊት ማግስት፣ በእጅ መታጠቢያው ነው። እጅ በሳሙናና በውሃ ሲታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል፤ የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ነው። ከእያንዳንዱ ታካሚ በፊትና በኋላ መታጠብ ግዴታችን ነው፤ ውሃ ሲጠፋ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። በአንድ ሌሊት ከሠላሳና ከአርባ ጊዜ በላይ ይሆናል። ለዓመታት ያን ሁሉ ደቂቃ ሳልኖርበት ነው የታጠብኩት። አሁን ውሃው ሲነካኝ ብርዱን አያለሁ። መዳፍ ከመዳፍ። የእጅ ጀርባ። በጣቶች መካከል ሳሙናው ሲያሟልጭ። አውራ ጣት። ጥፍሮች በመዳፍ ላይ። ኪራዩ ይመጣል፤ መጣህ ብዬ ወደ አውራ ጣቴ እመለሳለሁ። ከዚያ እጄን አድርቄ፣ የአልጋውን ቁጥር አንብቤ፣ ስም ጠይቄ ነው የምጠጋው።

ከዚያች ሌሊት ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። እናትየዋ ገና አልወጡም፤ ትኩሳታቸው ግን ወርዶ፣ ትራስ ተደግፈው መቀመጥ ጀምረዋል። የክፍሉ ሰው ተኝቷል፤ መታጠቢያው ከእሳቸው አልጋ ብዙም ስለማይርቅ ስታጠብ ሲያዩኝ ቆዩ። መድኃኒታቸውን ይዤ ስጠጋ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገለል አደረጉና ካኑላ፣ የመድኃኒት ማስገቢያዋ ቱቦ፣ ያለበትን እጃቸውን ሳልጠይቃቸው ዘረጉልኝ።

«አለሽ፣ ልጄ?»

«አለሁ፣ እማማ።»